ያሰረ ይፍታ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡት መኳንንት ሠራዊት አልጎደላቸውም። ከሥልጣን ሊያወርዷቸው የተነሡባቸው ልጅ ኢያሱ በሐረር በኩል ናቸው፤ ዋና ከተማዋ በመኳንንቱ እጅ ናት፤ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ከመካከላቸው አሉ። ክሱ ተዘጋጅቷል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ግን በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መኳንንቱ ከሰባት ዓመት በፊት ለኢያሱ ሊታመኑ ምለዋል፤ በመሐላው ላይም ግዝት ተጥሎበታል። ግዝቱን ሊፈታ የሚችለው የሊቀ ጳጳሱ የአቡነ ማቴዎስ ቃል ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከግንቦት 1901 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ ሕመም እየጸናባቸው ሲሄድ የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ገና ታዳጊውን ኢያሱን፣ አልጋ ወራሽ አድርገው በአዋጅ አስታወቁ። አዋጁ ሹመት ብቻ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቃላቸውን ያፈረሰ ሰው ጥቁር ውሻ እንዲወልድ ረገሙ፤ ጳጳሱም በሥልጣነ ክህነታቸው ገዘቱ። ብዙ ሳይቆይ ምኒልክ በሕመሙ ብዛት አንደበታቸው ተያዘ፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስም አገሪቱ የኖረችው አንደበታቸው ከመያዙ በፊት በተናገሩት ቃል ሥር ነበር።

በዚያ የመስቀል ዕለት አቡነ ማቴዎስ ወዲያው እሺ አላሉም። ከግብፅ መጥተው ከሠላሳ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖሩት ጳጳስ ያሰሩት ራሳቸው ናቸው፤ የሚፈቱትም ራሳቸው ሊሆኑ ነው። አመነቱ፤ የክሱን ማስረጃም ጠየቁ። ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚለው ክስ ምን ያህል እውነት እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በመጨረሻ ግን ጳጳሱ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፤ ኢያሱንም አወገዙ። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ነገሩ ወደ ጦር ሜዳ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ።

የዘመኑን ፖለቲካ ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ሁሉ ለይስሙላ የተደረገ ሥነ ሥርዓት አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ሥልጣን በእጃቸው የነበረ፣ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች የአንድ ሽማግሌን ፈቃድ እየጠበቁ ያን ያህል መቆማቸው ራሱ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። በዚያ ግቢ የነበረው ወታደርና ሕዝብ፣ አልፎ ተርፎም ከመኳንንቱ ብዙዎቹ፣ ያልተፈታ ግዝት ይዘው ቢዘምቱ ጥይቱ እንደሚከዳቸው፣ ልጆቻቸውም እንደማይባረኩ ያምኑ ነበር። ለእነርሱ ቃል አየር ላይ ተበትኖ የሚቀር ድምፅ አይደለም። ከተነገረ በኋላ ባለቤት አለው፤ የሰሚዎቹን ሕሊናም ይዞ ይቆያል፤ የሚያነሣው ሰው እስኪመጣ ድረስም አይለቅም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥልጣን የምትመሠርተው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 እና 18 ላይ ነው። ጌታ ለጴጥሮስ፣ ኋላም ለደቀ መዛሙርቱ ሁሉ፣ በምድር ያሰሩት በሰማይ የታሰረ፣ በምድር የፈቱት በሰማይ የተፈታ እንደሚሆን ቃል ሰጣቸው። የኢትዮጵያ ምእመን ይህን የሚያውቀው ከትርጓሜ መጽሐፍ ይልቅ በመንገድ ላይ ነው። ካህን ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ «አባ ይፍቱኝ» ይላል፤ ካህኑ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳርፎ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይለዋል። ሁለቱም ይህን የሚሉት ሳይቆሙ፣ እንደ ሰላምታ ነው። በዚያ አጭር ልውውጥ ውስጥ ግን ሰው ራሱን በራሱ አይፈታም የሚለው ትልቅ ትምህርት አለ።

ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ የእስራኤል ታሪክ በአፍ በወጣ ቃል የታሰሩ ሰዎች ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች አሮጌ ጫማ አጥልቀው፣ የሻገተ እንጀራ ስንቅ ይዘው፣ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው የእስራኤልን አለቆች አታለሉ፤ አለቆቹም እንዳይገድሏቸው ማሉላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ማታለሉ ተገለጠ። ሕዝቡ አንጎራጎረ፤ አለቆቹ ግን መሐላው በእግዚአብሔር ስም የተማለ ነውና እጃችንን አናነሣባቸውም አሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ አፍርሶ ገባዖናውያንን ሲገድል፣ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው፣ በዳዊት ዘመን የሦስት ዓመት ረኀብ መጣ። መሐላው የተገኘው በተንኮል ነው፤ የማሉትም ሞተዋል፤ ቃሉ ግን ሠርቷል።

የዚያው የሳኦል ሌላ ታሪክ የበለጠ ልብ ይነካል። በጦርነት ቀን ሕዝቡ እስከ ማታ እህል እንዳይቀምስ ገዘተ፤ የቀመሰ የተረገመ ይሁን አለ። ልጁ ዮናታን ግን ይህ ሲነገር አልነበረምና አልሰማም፤ በበትሩ ጫፍ ከማር ቀመሰ። ዕጣ ወጣበት፤ አባቱም ሊገድለው ቆረጠ። ያዳነው ሕዝቡ ነው፤ ይህን ድል ያመጣልንን ሰው አትነካውም ብሎ ቆመለት። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ በችኮላ የወጣ ግዝት ከጠላት ይልቅ የገዛ ቤትን እንደሚመታ ነው። ሁለተኛው፣ በግዝት ጉዳይ የሰማና ያልሰማ እኩል እንዳልሆነ ነው። ግዝት ሰሚ ይፈልጋል።

የኢትዮጵያ ገጠር ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከብት የጠፋበት ወይም ጎተራው የተሰረቀበት ሰው ወደ ካህን ሄዶ ያስገዝታል። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ የወሰደ እንዲመልስ፣ ያየና የሰማ እንዲናገር ይገዝታል። ልብ ሊባል የሚገባው የግዝቱ ክንድ ከሌባው አልፎ ዝም ያለውንም መያዙ ነው። ማታ በሬ ሲነዳ ያየች ጎረቤት፣ ቤቱ እንግዳ ያሳደረ ዘመድ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ በሁሉም ላይ ይወድቃል። ሌባ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ጥርጣሬውን የሚያወጣበት አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ በመሐላና በግዝት የሚጸናውም ለዚህ ነው። ፖሊስ ጣቢያና የጣት አሻራ ባልነበረበት አገር፣ የሰው ሕሊና በቃል ይመረመር ነበር።

ግዝት ሁልጊዜ ከላይ አይወርድም። ሰው ራሱን ይገዝታል። መጠጥ ኑሮውን ያፈረሰበት ገበሬ ንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ ጠላና አረቄ ላይቀምስ ይገዘታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሠርግም በተዝካርም ዋንጫ ሲቀርብለት «ተገዝቻለሁ» ማለት ይበቃዋል፤ አጥብቆ የሚለምነው የለም። አንድ ሰው ብቻውን በልቡ ከወሰነው ውሳኔ ይህ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቃሉ ምስክር አለው፤ ጎረቤትም በዚያ ቃል ይገዛል፤ ሰውዬው ሲደክም ማኅበሩ ይደግፈዋል። ከዚህ ግዝት መውጣት ቢፈልግም ወደዚያው አባት ተመልሶ ይፍቱኝ ማለት አለበት።

በአደባባይም እንዲሁ ነበር። በቀድሞው የኢትዮጵያ ኑሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ይቆማል። በንጉሥ ስም ሲሆን ደግሞ «በምኒልክ አምላክ!» ይባላል። ጠበኛው ዱላውን አንሥቶ እያለ ይህ ቃል ከተጠራበት እጁን ያወርዳል፤ ተከሳሹ ያለ ጠባቂ ከከሳሹ ጋር በኩታ ጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል። የውጭ ተጓዦች ይህን በግርምት ጽፈውታል። ጠሪው ሕፃን ወይም ድሀ ቢሆንም ለውጥ አልነበረውም፤ ያቆመው የጠሪው ጉልበት ሳይሆን የተጠራው ስም ነውና።

ታዲያ ይህ ከአስማት በምን ይለያል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክም አላለፈውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የአስቄዋ ሰባት ልጆች ጳውሎስ የሚሰብከውን የኢየሱስን ስም እንደ ተዋጣለት መድኃኒት ቆጥረው በርኩስ መንፈስ በተያዘ ሰው ላይ ጠሩት። መንፈሱ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ፣ እነርሱ ግን ማን እንደ ሆኑ እንደማያውቅ መለሰላቸው፤ ቆስለውና ራቁታቸውን ሸሹ። ቃሉ ያው ቃል ነበር። የጎደለው ተናጋሪዎቹ ከስሙ ባለቤት ጋር ያላቸው ዝምድና ነው። በዚያው ምዕራፍ የኤፌሶን ጠንቋዮች መጻሕፍታቸውን ሰብስበው በአደባባይ አቃጠሉ፤ ዋጋቸው ቢሰላ 50,000 ብር ሆነ። ኢትዮጵያም ከዚህ ፈተና አላመለጠችም። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ፣ ትርጉሙ በማይታወቅ ስም የተሞላው የአስማት ጸሎት፣ ለዘመናት ከጸሎት መጽሐፉ ጎን ለጎን ኖሯል። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላን አጥብቀው ሲዋጉ ምእመናኑን በገዛ ሰውነታቸው ላይ ሰይጣንን የሚክድ ጽሑፍ እንዲይዙ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል።

ልዩነቱን ለማየት ከጥምቀት ሥርዓት የተሻለ ቦታ የለም። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ሕፃኑን የያዘው የክርስትና አባት ወይም እናት ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ያምናል። ሕፃኑ መናገር አይችልም። በሕይወቱ ሙሉ የሚያስረው የመጀመሪያው ቃል በሌላ ሰው አፍ ይነገርለታል፤ ያም ሰው ስለ ተናገረው ቃል ዕድሜ ልኩን ተጠያቂ ነው። አስማተኛው ቃሉን የሚፈልገው ሌላውን፣ መንፈስን ወይም ዕድልን ለማሰር ነው፤ እርሱ ራሱ ከቃሉ ውጭ ይቆማል። የክርስትና አባት ግን አፉን በከፈተባት ቅጽበት ራሱ ታሰረ። ግዝትም፣ በትክክል ሲገባ፣ ከዚህ ወገን ነው፤ ገዛቹም ከተገዛቹ ጋር በአንድ አምላክ ፊት ይቆማል።

በረከትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ካህናቱ ሕዝቡን እንዴት እንደሚባርኩ ከታዘዘ በኋላ፣ ስሙን በሕዝቡ ላይ የሚያኖሩት እነርሱ ቢሆኑም የሚባርከው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑ ተነግሯቸዋል። በለዓም ለመርገም ገንዘብ ቀርቦለት ሄዶ ደጋግሞ መባረኩም ይህንኑ ያሳያል፤ አፍ የሰው ነው፣ በረከት ግን የሰው ንብረት አይደለም። በኢትዮጵያ ሠርግ ሽማግሌው ተነሥቶ ውለዱ ክበዱ ሲል ታዳሚው በየሐረጉ «አሜን» እያለ ይቀበለዋል። ያለ አሜን ምርቃት የለም። መራቂ ብቻውን አይመርቅም፤ ስለዚህም ነው ምርቃት ላይ የዘገየ ሰው እንደ ጎደለበት ሆኖ የሚሰማው።

የግዝት አደጋው ሥልጣኑ ወደ ቂም ሲዞር ነው። ዲድስቅልያ፣ ከጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን የመጣው የሥርዓት መጽሐፍ፣ ጳጳስን በዚህ ረገድ ያስጠነቅቃል። ያለ በደል ሰውን የሚለይ ጳጳስ ፍርዱ በራሱ ላይ ይመለሳል፤ የተሳሳተውን ከመጣል አስቀድሞ እንደ ሐኪም ሊያክመው ይገባል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ያለ ምክንያት የወጣ እርግማን ማረፊያ እንደማያገኝ ወፍ ተመስሏል። ምክሩ ጥንታዊ ነው፤ የተከተለው ግን ጥቂት ነው። በኢትዮጵያም ግዝት ለርስት ክርክር፣ ለግል ጠብ፣ ለጥቃቅን ዕዳ የዋለበት ዘመን አለ፤ በየሰበቡ የተጣለው ግዝት ክብሩን እየቀነሰ ሄደ። የሚያሳዝነው፣ በዚህ የተጎዳው ድሀው ነው፤ ኃያሉን የሚያስፈራው ብቸኛ ኃይል ተሟጦበታልና።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የተፈጸመው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1054 የሮማው ልዑክ ካርዲናል ሁምበርት ቁስጥንጥንያ በሚገኘው በሐጊያ ሶፍያ መንበር ላይ የውግዘት ደብዳቤ አኑሮ ወጣ። የተወገዙት ፓትርያርክ ሚካኤል ኬሩላርዮስና ደጋፊዎቹ ናቸው። ፓትርያርኩም በበኩሉ ልዑካኑን አወገዘ። ሁምበርት በስማቸው የተላከባቸው ፖፕ ሊዮ ዘጠነኛ ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ አርፈው ነበር። እንግዲህ በሞተ ሰው ሥልጣን የተጻፈ፣ በጥቂት ግለሰቦች ላይ ብቻ ያነጣጠረ ቃል ነው ምሥራቅና ምዕራብን ለከፈለው ልዩነት ምልክት ሆኖ የቀረው። እስኪነሣ ድረስ 911 ዓመት ፈጀ። ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛና ፓትርያርክ አቴናጎራስ እ.ኤ.አ. በ1964 ኢየሩሳሌም ላይ ተገናኙ፤ በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 7 ቀን በቫቲካንና በኢስታንቡል በአንድ ጊዜ በተነበበ መግለጫ የሁለቱ ወገን ውግዘት ከቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ እንዲወጣ አደረጉ። ልዩነቱ በዚህ አልተዘጋም፤ ሆኖም የማሰሪያው ቃል በቃል ተነሣ።

ግዝት ክብሩን በሙሉ መልሶ ያገኘበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ወር አልሞላውም። አርበኞች ከተማይቱን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ። ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጣሊያኖቹ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ አርበኞቹን እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲናገሩ። የጳጳስ ቃል ከአንድ ክፍለ ጦር እንደሚበልጥ ወራሪውም ተረድቶት ነበር ማለት ነው። እሳቸው እምቢ አሉ። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለፋሺስት እንዳትገዛ መገዘታቸው በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ኖሯል። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግዝቱን የጸና ያደረገው የጳጳሱ ሥልጣን ብቻ አይደለም። ጴጥሮስ የገዘቱትን ነገር መጀመሪያ በራሳቸው ላይ ፈጸሙት። አትገዙ ያሉት ሳይገዙ ሞተው ነው። ፋሺስቶች ቆየት ብለው ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ መንበር ነጥለው ለእነርሱ ያደሩትን አቡነ አብርሃምን በበላይነት ሾሙ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም ሹመቱን አወገዘ። ስለዚህ ያ ትውልድ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ያውም በአንድ ወቅት አብረው ከተሾሙ ሁለት ጳጳሳት፣ ሁለት ተቃራኒ ቃል ሰማ። አርበኛው የትኛውን ይዞ ጫካ እንደ ገባ ይታወቃል።

የማሰር ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ የመፍታት ታሪክ ግን ገና በሚገባው ልክ አልተነገረም። ለዚህ ትውልድ ቅርቡ ምሳሌ የተፈጸመው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። አቡነ መርቆሬዎስ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ማግሥት ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ስደት ወጡ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ከዚያ በኋላ አገር ቤት ያለው ሲኖዶስና በአሜሪካ የተቋቋመው ሲኖዶስ ተወጋገዙ። ይህ ውግዘት የጳጳሳት ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በአውሮፓም ከተሞች አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሕዝብ በሁለትና በሦስት አጥቢያ ተከፈለ፤ ገለልተኛ ነን ያሉም ሌላ በር ከፈቱ። የልጅ ክርስትና የት ይነሣ፣ ቀብር በየትኛው ካህን ይፈጸም የሚለው ጥያቄ ዘመዳሞችን አጣላ። ጠዋት በአንድ ባቡር ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች እሑድ አንዱ ከሌላው ጽዋ አይጠጣም ነበር።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን አባቶች በዋሽንግተን ተቀምጠው ተስማሙ፤ በሁለቱም በኩል የተላለፈው ውግዘት ተነሣ። ስምምነቱ ብዙ አንቀጽ ነበረው፤ የአስተዳደር ሥልጣኑ ለአቡነ ጳውሎስ ተተኪ ለአቡነ ማትያስ፣ ጸሎትና ቡራኬ ለአቡነ መርቆሬዎስ ሆነ። ለምእመኑ ግን ከሁሉ ቀድሞ ጆሮው የደረሰው በቅዳሴ የሚሰማው ለውጥ ነው። በየእሑዱ ዲያቆኑና ካህኑ ስለ ፓትርያርኩ ሲጸልዩ የሚጠሩት ስም ለሃያ ስድስት ዓመት የአንድን አጥቢያ ወገን የሚያስለይ ምልክት ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ እንግዳ ሰው የት ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ያንን ስም ሰምቶ ያውቅ ነበር። ከስምምነቱ በኋላ ሁለቱ ስሞች አብረው መጠራት ጀመሩ። አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ እስካረፉበት እስከ የካቲት 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ ለሦስት ዓመት ተኩል፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በአንድ ቅዳሴ ሁለት ፓትርያርኮችን በስም እየጠራች ጸለየች።